የድምፅ ብዛት ዘፈንን ያደምቃል ወይስ ይጋርዳል?

(በተማሪዎች ኅብረት የሙዚቃ ክፍል ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ በፊታችሁ የምናቀርበው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የጨዋታ ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለ ምግብ ቤት፣ ስለ መጻሕፍት እጥረትና ስለ መኝታ ክፍል በሚከራከር ኅብረት ውስጥ ስለ ዘፈን አቀነባበር መከራከር ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። እንደምታውቁት የሙዚቃው ክፍል ዘንድሮ ስምንት ዘፈኖች የያዘ አልበም ለማስቀዳት ወስኗል። ገንዘቡ ከአባሎች መዋጮ የተሰበሰበ ነው። ግጥሙን የጻፉትም፣ ዜማውን ያወጡትም፣ የሚዘፍኑትም እዚሁ ከእኛ ጋር ከአንድ ወንበር የሚማሩ ናቸው። ስለዚህ ሥራው ቢያምር የሁላችንም ደስታ፣ ቢበላሽም የሁላችንም ኪሣራ ነው።

ክፍሉ ግን በሁለት ወገን ተከፍሏል። አንደኛው ወገን «የዛሬ አድማጭ የሞላ ድምፅ ለምዷል፤ ኦርጋን በኦርጋን፣ ከበሮ በከበሮ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ ካልደረብን ሥራችን የድኻ ሥራ ይመስላል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «አንድ ዘፋኝና አንድ ክራር ይበቃል፤ የቀረው ሁሉ ግርግር ነው» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ተረት አላጡም። አንዱ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲል ሌላው «ሲበዛ ማርም ይመራል» እያለ ይመልሳል። በተረት ብቻ ከተከራከርን እስከ ምረቃችን ቀን እንቆያለን። ስለዚህ ነገሩ በሌላ አገር በሥራ ላይ ውሎ የታየበትን ታሪክ መርምረን ከዚያ የሚገኘውን ትምህርት ለማቅረብ ተነሥተናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ነገሩን እንለይ። «የተደራረበ ድምፅ» ስንል አራት ልዩ ልዩ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። አንደኛው የመሣሪያዎች ብዛት ነው። ሁለተኛው አንዱን ዜማ ብዙ መሣሪያዎች በአንድነት እንዲጫወቱት ማድረግ ነው። ሦስተኛው ድምፁ እንደ ገደል ማሚቶ እንዲያስተጋባ ማድረግ ነው። አራተኛው ደግሞ ዘፈኑ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ ሌላ ድምፅ በላዩ መጨመር ነው። እነዚህ አራቱ አንድ አይደሉም። አንዱ የሚጠቅምበት ቦታ ሌላው ሊጎዳ ይችላል።

የዚህ አሠራር ስመ ጥሩ ጀማሪ አሜሪካዊው ፊል ስፔክተር ነው። በሎስ አንጀለስ ከተማ ጎልድ ስታር በሚባል ስቱዲዮ ውስጥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ዘዴ «የድምፅ ግድግዳ» የሚል ስም አትርፏል። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊታሮችን፣ ከአንድ በላይ ፒያኖና ባስ፣ ነፋስ መሣሪያዎችንና ልዩ ልዩ ከበሮዎችን አስቀምጦ አንዱን ሐረግ በአንድነት ያስጫውታቸው ነበር። ከዚያም ድምፁን ወደ ማስተጋቢያ ክፍል ልኮ እንደገና ይቀዳዋል። በዚህ ዓይነት በ1963 የወጣው የሮኔትስ «ቢ ማይ ቤቢ» የአሠራሩ ምሳሌ ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እዚያ ዘፈን ውስጥ ጊታሩን ለይቶ ከፒያኖው መነጠል ያስቸግራል። በዶሮ ወጥ ውስጥ ሽንኩርቱ ቀልጦ እንደሚጠፋና ወጡን ግን እንደሚያወፍረው ሁሉ፣ መሣሪያዎቹ ቀልጠው አንድ አዲስ ድምፅ ይሆናሉ።

ስለ ስፔክተር ሰውነት የምናወድሰው ነገር የለም። በ2009 በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት በ2021 በእስር እንዳለ ሞቷል። እዚህ የምንመረምረው ዘዴውን ነው።

ዘዴው ለምን ተሳካ? በዚያ ዘመን ወጣቱ ሙዚቃ የሚሰማው በትንሽ ራዲዮና በመኪና ውስጥ ድምፅ ማጉያ ነበር። ትንሽ ማጉያ ደግሞ ቀጭን ድምፅ ይበልጥ ያቀጥናል። ስፔክተር ያን ጉድለት አስቀድሞ አስቦ ሞላው። ደግሞም ሥራው በአብዛኛው ከሦስት ደቂቃ ለማይበልጥ ነጠላ ዘፈን የታሰበ ነበር። ይህን ልብ በሉ። ለሦስት ደቂቃ የሚያስደንቅ ሙላት ለአርባ ደቂቃ ሳይለወጥ ቢቀጥል ጆሮን ያደክማል። አልበም የብዙ ዘፈኖች ማኅበር ስለሆነ አንዱ ሲሞላ ሌላው መጉደል፣ አንዱ ሲጮኽ ሌላው መንሾካሾክ ያስፈልገዋል።

የገበያው ፍርድም ቢሆን መመሪያ አይሆንም። በ1966 ስፔክተር ለቲና ተርነር «ሪቨር ዲፕ ማውንቴን ሃይ» የተባለውን ዘፈን በዚያው በግድግዳው ዘዴ አሠራ። ዘፈኑ በብሪታንያ እስከ 3ኛ ደረጃ ሲደርስ በአሜሪካ ግን ከ88ኛ ደረጃ አላለፈም። ያው ሸክላ፣ ያው ድምፅ፣ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ። ስለዚህ «የሞላው ይሸጣል» ወይም «ባዶው ይሸጣል» የሚል ሰው ማስረጃ የለውም።

አሁን ለሞላ ድምፅ የሚከራከረው ወገን የሚደሰትበትን ምሳሌ እናምጣ። የቢች ቦይስ ጓድ መሪ ብራያን ዊልሰን የስፔክተርን ሥራ አጥብቆ የሚያደንቅ ነበር። በግንቦት 1966 «ፔት ሳውንድስ» የተባለው አልበም ሲወጣ ዕድሜው 23 ዓመት ብቻ ነበር፤ ማለት እዚህ ከተቀመጥነው ከብዙዎቻችን እኩያ ነው። በአልበሙ ውስጥ አኮርዲዮን፣ የፈረንሳይ ቀንደ መለከት፣ ትልቅ የኦርኬስትራ ከበሮ፣ የብስክሌት ደወልና ባዶ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ሳይቀር ይሰማሉ። ከዚህ የበለጠ የተደራረበ ሥራ በዚያን ጊዜ ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም ማንም አድማጭ «የዘፋኙ ስሜት ጠፋብኝ» ሲል አንሰማም። ለምን?

ምክንያቱን ሦስት ሆኖ እናገኘዋለን። አንደኛ፣ ዜማውን ያወጣው፣ መሣሪያዎቹን ያከፋፈለውና ቀረጻውን የመራው አንድ ሰው ነው። ድርብርቡ ከዘፈኑ ጋር አብሮ የተፀነሰ ስለሆነ እንደ ልብስ የሚወልቅ ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ ሙላቱ ቋሚ አይደለም። «ጎድ ኦንሊ ኖውስ» የተባለውን ዘፈን ብትሰሙ መግቢያው በመለከት ይከፈትና ዘፋኙ ሲገባ ቦታ ይለቀቅለታል፤ በመጨረሻም ድምፆች አንዱ በአንዱ እግር እየተተኩ ይዘጉታል። አድማጩ እያንዳንዱ ድምፅ ሲመጣም ሲሄድም ያውቀዋል። ሦስተኛ፣ የዚያ ዘመን መቅጃ መስመሩ ጥቂት ነበር። መሣሪያዎቹ በሦስት ወይም በአራት መስመር ይቀዱና ለሰው ድምፅ ቦታ እንዲገኝ በአንድ መስመር ይጠቃለላሉ። አንዴ ከተጠቃለሉ በኋላ መለየት አይቻልም ነበር። ስለዚህ ዊልሰን መለከቱ ምን ያህል ጎልቶ ይሰማ የሚለውን በዚያው ሰዓት መወሰን ነበረበት። ነገ እናየዋለን ማለት አልነበረም።

የዚህ ሥራ ጥንካሬ ኋላ በፈተና ታይቷል። በ1997 የአልበሙ ቀረጻዎች በብዙ ዲስክ ሲታተሙ የሰው ድምፅ ለብቻው፣ መሣሪያውም ለብቻው እንዲሰማ ተደረገ። ሁለቱም ለየብቻቸው ቆመው ታዩ። ይህ እንግዲህ ለእኛ ትልቅ መለኪያ ነው። ጥሩ ድርብርብ ማለት ሲነጣጠል እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ትርጕም የሚኖረው ነው።

ወደ ሁለተኛው ምሳሌ እንሸጋገር። ይኸኛው የተቃራኒው ወገን መመኪያ ነው። ቢትልስ የተባሉት የእንግሊዝ ሙዚቀኞች በጥር 1969 ወደ ቀላል አሠራር እንመለስ፤ ያለ ጭማሪ፣ አራታችን በአንድነት እየተጫወትን እንቀዳ ብለው ተነሡ። ቢሊ ፕሬስተን ኦርጋንና ፒያኖ እየተጫወተ አገዛቸው። ውጤቱ ግን ሳያስደስታቸው ቀርቶ ቴፑ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ። በ1970 የጸደይ ወራት ቴፑ ለዚያው ለፊል ስፔክተር ተሰጠ። ስፔክተርም ሚያዝያ 1 ቀን 1970 በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ላይ ኦርኬስትራና ዘማሪዎች ጨመረ። ፖል ማካርትኒ በፒያኖ በዘፈነው «ዘ ሎንግ ኤንድ ዋይንዲንግ ሮድ» ላይ ብቻ 18 ቫዮሊን፣ ከዚያም ሌሎች ባለ አውታር መሣሪያዎች፣ መለከቶች፣ በገና መሰሉ ሃርፕና 14 ሴቶች ዘማሪዎች ተጨመሩበት።

የዘፈኑ ባለቤት በዚያ ቀን በስቱዲዮው አልነበረም። ከሰማው በኋላ ሚያዝያ 14 ቀን 1970 ደብዳቤ ጽፎ የአውታሮቹና የመለከቶቹ ድምፅ እንዲቀነስ፣ በመጨረሻ ያለው ሃርፕ እንዲወጣ ጠየቀ። አልተደረገለትም። አልበሙ በግንቦት እንዳለ ወጣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 31 ቀን ጓደኞቹን ፍርድ ቤት ሲከስ ይህን የዘፈኑን ጉዳይ ከቅሬታዎቹ አንዱ አድርጎ አቅርቦታል።

እስካሁን ያለው ታሪክ ለ«አንድ ክራር ይበቃል» ወገን ፈራጅ ይመስላል። ሆኖም ሚዛን እንጠብቅ። ጆን ሌነን የስፔክተርን ሥራ ደግፏል፤ በደንብ ያልተቀዳ ቴፕ ተሰጥቶት አንድ ቁም ነገር አድርጎበታል የሚል አስተያየት ነበረው። ዘፈኑም በሰኔ 1970 በአሜሪካ 1ኛ ደረጃ ላይ ወጥቷል። ከዚህም በላይ በ1996 ያው ቀረጻ ጭማሪው ሳይኖር ሲታተም ሰው ሁሉ በጆሮው ለማመዛዘን ቻለ። ጭማሪው ሲነሣ የማካርትኒ ድምፅ ወደ አድማጩ ይቀርባል፤ ቃሉም ይጠራል። ነገር ግን ሌነን ራሱ የተጫወተው ባስ በየቦታው ሲሳሳት አብሮ ይሰማል። እንግዲህ የቫዮሊኑ ብዛት አንዳንዱን ነገር ጋርዷል፤ ከጋረደው ውስጥ ግን መጋረድ የነበረበትም ነበረ ማለት ነው።

በ2003 ደግሞ አልበሙ «ራቁቱን» በሚል ስም እንደገና ታተመ። ብዙ ሰው ይህን ያለ ምንም ቅንብር የቀረበ እውነተኛ ድምፅ አድርጎ ተቀበለው። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። «ዘ ሎንግ ኤንድ ዋይንዲንግ ሮድ» በዚያ እትም ውስጥ ከሌላ ቀን ቀረጻ የተወሰደ ነው። «ዶንት ሌት ሚ ዳውን» ደግሞ በሕንፃው ጣሪያ ላይ ሁለት ጊዜ ከተጫወቱት ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው። ራቁት የተባለውም ቢሆን ተመርጦ፣ ተቆርጦና ጸድቶ የቀረበ ነው። ባዶነትም አንድ ዓይነት ቅንብር መሆኑን የሚረሳ ሰው «እኛ እውነትን እንወዳለን» እያለ ሌላውን ሲከስ ይኖራል።

ሦስተኛ ምስክር እንጨምር። ከቢትልስ አንዱ የነበረው ጆርጅ ሃሪሰን በኅዳር 1970 «ኦል ቲንግስ መስት ፓስ» የተባለውን ሦስት ሸክላ ያለው አልበም ከዚያው ከስፔክተር ጋር ሆኖ አወጣ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ2001 አልበሙ እንደገና ሲታተም ሃሪሰን በመግቢያው በጻፈው ቃል፣ ያ ትልቅ ቅንብር በጊዜው ተገቢ መስሎ እንደ ነበረ፣ በኋላ ግን ከልክ ያለፈ ሆኖ እንደ ታየው ገልጿል። ያን ጊዜ ማንም አላስገደደውም፤ ራሱ ፈቅዶ፣ ራሱ በስቱዲዮው ተገኝቶ ነው የሠራው። ስለዚህ የባለቤቱ ፈቃድ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ ዋስትና አይደለም። ጆሮ በአዲስ ነገር ይሰክራልና።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምናገኘው ፍርድ ይህ ነው። የድምፅ ብዛት በራሱ አልበምን አይጎዳም፤ አይጠቅምምም። የሚጎዳው በጊዜው ሊሰጥ የሚገባውን ውሳኔ በብዛት ለማምለጥ ስንሞክር ነው። ዜማው ያልጠነከረ እንደ ሆነ ቫዮሊን እንጨምራለን። ዘፋኙ ያላመነበት እንደ ሆነ ማስተጋቢያ እንጨምራለን። ጨው የጎደለውን ወጥ በቅቤ ለማዳን እንደ መሞከር ነው። ቅቤው ወጡን ያወፍረዋል፤ ጨው ግን አይሆነውም። ይህ ፈተና ዛሬ ከቀድሞው የበረታ ነው። በ1966 በጥቂት መስመር መቅዳት ሰውን እንዲወስን ያስገድደው ነበር። ዛሬ አንድ ተማሪ በኮምፒዩተሩ ከመቶ በላይ መስመር ያለ ተጨማሪ ወጪ መደራረብ ይችላል። ወጪ ሲጠፋ ልጓምም አብሮ ይጠፋል። እንግዲህ ልጓሙን ራሳችን ማምጣት አለብን።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ውጭ አገር ሥራ ነው። አልበሙ ግን በአማርኛ ነው፤ ይህም ጉዳዩን ለእኛ የተለየ ያደርገዋል። በቋንቋችን ማጥበቅና ማላላት ትርጕም ይለውጣል። «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓል፣ ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይኖራል ማለት ነው። ሰምና ወርቅ በዚህች ቀጭን ልዩነት ላይ ሲቆም ብዙ ጊዜ አይተናል። የፊዚክስ መምህሮቻችን እንደሚያስተምሩን፣ የንግግር ድምፅ እንዲለይ የሚያደርገው አብዛኛው ነገር ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። በዚያ ክልል ጊታር፣ ኦርጋንና መለከት በአንድ ጊዜ ከተጨናነቁ ተነባቢው ይዋጣል። ተነባቢው ሲዋጥ ወርቁ ይቀበራል፤ አድማጩ ሰሙን ብቻ ይዞ ይሄዳል። የእንግሊዝኛ ዘፈን ቃሉ በከፊል ቢጠፋ ዜማው ያድነው ይሆናል። ቅኔ ያለበት የአማርኛ ዘፈን ግን ቃሉ ከጠፋ እኩሌታው ጠፋ።

ሌላም አለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተመሠረቱ ቅኝቶች ናቸው። ከእነዚያ አምስት ድምፆች ውጭ የሆነ ነገር በኦርጋን ከሥር ስናነጥፍ ዜማው ያው ሆኖ ሳለ ቅኝቱ ይደበዝዛል። ይህን አውቆ የሚያደርግ አቀናባሪ መብቱ ነው። ሳያውቅ የሚያደርገው ግን የአምባሰልን ልጅ አባቱን እያስካደው ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው የአገራችን ጠባይ ባዶ ድምፅ ነው» የሚል ቢኖር እርሱም ተሳስቷል። በቤተ ክርስቲያናችን ማኅሌት መደራረብ ጥንትም ነበረ። በቁም ዜማ ቃሉ ያለ መሣሪያ ይሰማል። በዝማሜ መቋሚያው ይጨመራል። ከዚያም በመረግድና በጽፋት ከበሮው፣ ጸናጽሉና ጭብጨባው እየበረቱ ይሄዳሉ። ሊቃውንቱ መደራረብን አልጠሉም፤ በሥርዓት አደረጉት እንጂ። ሕዝቡ ቃሉን አስቀድሞ ስለ ሰማ ከበሮው ሲመታ ቃሉ አይጠፋበትም። ማኅሌት ለዘፈን ይቀዳ ማለታችን አይደለም። የሥርዓቱን ጥበብ ግን ልንማርበት እንችላለን።

ስለዚህ ለክፍሉ የምናቀርበው አሳብ አምስት ነው።

1ኛ፤ ስምንቱም ዘፈኖች በመጀመሪያ በአንድ ድምፅና በአንድ መሣሪያ ይቀዱ። በዚያ መልክ የማይቆም ዘፈን ወደ ደራሲው ይመለስ እንጂ በጭማሪ አይደገፍ።

2ኛ፤ ለሚጨመረው ድምፅ ሁሉ «ሥራህ ምንድር ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። ከተጨመረ በኋላ አንድ ጊዜ ይነሣ። ሲነሣ ማንም ካላወቀ፣ ይቅር።

3ኛ፤ ዘፈኑን የደረሰው ሰው በሌለበት ምንም አይጨመር፣ ምንም አይቀነስ። ማካርትኒ በደብዳቤ የለመነውን እዚህ ማንም ተማሪ ሊለምን አይገባውም።

4ኛ፤ የመጨረሻው ቅጂ ግጥሙን ከዚያ በፊት ላልሰሙ ተማሪዎች በትንሽ ስልክም በታክሲ ውስጥም ይሰማ። ቃሉን አዳምጠው መጻፍ ካልቻሉ ቅንብሩ ይሳሳ።

5ኛ፤ ስምንቱ ዘፈኖች አንድ ዓይነት ሙላት አይኑራቸው። ሁለቱ ወይም ሦስቱ እንደ ሠርግ ቤት ይሙሉ፤ የቀሩት አየር ያግኙ። የሞላው የሞላ መሆኑ የሚታወቀው ከጎኑ ባዶ ሲኖር ነው።

ለሁለቱም ወገኖች አንዳንድ ቃል ብለን እናብቃ። ለሞላ ድምፅ የምትከራከሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ብዛት ሀብት መስሎ እንዳያታልላችሁ። ዛሬ ድምፅ መደራረብ ርካሽ ሆኗል፤ ውድ ሆኖ የቀረው መምረጥ ነው። ለአንድ ክራር የምትከራከሩ ደግሞ ባዶነትን ጽድቅ አታድርጉት። ደካማ ዘፈን ራቁቱን ቢቆም ደካማነቱን ያሳያል እንጂ ቅን አይሆንም።

ከመምህራን መካከል ስለ ድምፅ ሳይንስም ሆነ ስለ ቅኝት ከእኛ የበለጠ የምታውቁ ስላላችሁ በተናገርነው ላይ ማረሚያ ብትሰጡን በደስታ እንቀበላለን። ገንዘቡ ገና አልወጣም፤ ቴፑም ገና አልዞረም። ለመወሰን የሚሻለው ጊዜ አሁን ነው።